ከሰባ በታች

የኮዬ ፈጬ ቤት፣ አራተኛ ፎቅ ነው፤
ሊፍቱ ባዶ ጉድጓድ፣ ነፋስ የሚሳፈረው፤
ልቤን ይዤ ስወጣ፣ ሽቦ የገባበት፣
ሁለተኛው ፎቅ ላይ፣ አለኝ የማርፍበት።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ ኤንትሬ ስነዳ፣
ጥብስ ነበር ቁርሴ፣ ሞጆ ላይ ማለዳ።
«ከሰባ አትለፍ» ሲል፣ ታፔላው መንገድ ላይ፣
እበር ነበር እኔ፣ ዞር ብዬም ሳላይ።
ያንኑ ታፔላ፣ ደሜ ላይ ተከለች፤
«መጥፎው ኮሌስትሮል፣ ከሰባ አይለፍ» አለች፣
ዶክተር ትርሲት።

ውጤቱ ይኸውና፣ መቶ አሥራ ሁለት።
«ይውጣሉ ኪኒኑን?» «እንዴታ!» ስል ዋሸሁ፤
ጡረታ ሳይገባ፣ ያልቃል ብዬ ፈራሁ፣
በምላጭ ለሁለት፣ ስከፍላት ከረምሁ።

ጥላነሽ ግማሿን፣ ብልቃጥ ውስጥ ስታይ፣
ቃል ሳትተነፍስ፣ ወጣች በረንዳ ላይ።

ከግቢው በር በግ ሻጭ፣ «የሰባ ነው!» ሲለኝ፣
«ሰባን ለኔ ተወው» ብዬው ሳቅ አነቀኝ።

ከዛሬ ማታ ግን፣ ምላጩ ለጢሜ፤
ኪኒኗም ሙሉዋን፣ ትግባ ወደ ደሜ።
የወሩ መጨረሻስ?
እሱን፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ፣ አስባለሁ ቆሜ።