ቀኙ አልተገኘም

እውነቱን ለመናገር፣ የገባሁት ዝናብ ሸሽቼ ነው፤
ከአራት ኪሎ ቁልቁል ስወርድ፣ ጥላዬን አውቶቡስ ላይ ረስቼው።
አንድ አሮጌ ቤት ደጃፍ ላይ ወረቀት ተለጥፏል፣
«ከጃፓን ገጠር ሙዝየም የመጡ ዕቃዎች» ይላል።
ዘበኛው ስንሻው «በነጻ ነው» አለኝ፣ ማንበቤን ተጠራጥሮ፣
ከጉልበቴ በታች ጭቃዬን አይቶ፣ ግንባሩን ቋጥሮ።

እኔ ሙዝየም ሲባል የማውቀው አጥንትና ዘውድ ነው፤
የንጉሥ አልጋ፣ በገመድ የታጠረ፣ ማንም የማይጠጋው።
እዚህ ግን፣
ወንፊት።
የዓሣ መንጠቆ። ጠርዙ የተሸረፈ ሣህን።
የሩዝ መስፈሪያ ሣጥን፣ ቁና ልበለው ወይስ ላዳን?
ከዚያ የልጅ የእንጨት ጫማ፣ ግራው፣ ተረከዙ ያለቀ፤
«ቀኙ አልተገኘም» ይላል ካርዱ። ጸሐፊው ምንም ያልደበቀ።

ጥግ ላይ ስደርስ ቆምኩ።
ከገለባ የተጎነጎነ፣ ከትከሻ እስከ ጉልበት የሚወርድ።
«ገሳ!» አልኩ ጮክ ብዬ፤ አዳራሹ «ሳ» ብሎ መለሰልኝ፤
ባሻ ደገፋ፣ የሰፈራችን የሌሊት ዘብ፣ ከነሳሉ ትዝ አለኝ።
ሐምሌ ላይ ከግንቡ ሥር ሲቆም፣ እሱ ራሱ ቤት ነበር፣
ድመት እንኳ ገሳው ውስጥ ገብታ ከዶፉ የምትሰወር።

«ሚኖ» አለች ሃትሱኤ የምትባል ሴት፣ ነጭ ጓንት ያጠለቀች።
«ገሳ» አልኳት። «ገ... ሳ» አለች፤ አስተርጓሚዋ ትርሲት ሳቀች።
ከዚያ ነገረችኝ፤ ከተማቸው ከባሕር ጫፍ ናት፣
አውቶቡስ በቀን ሁለቴ፤ ሦስተኛ የሚጠብቅ እንግዳ ነው፣ ይስቁበታል።
ሙዝየሙ ትምህርት ቤት ነበር፤ ተማሪ ጠፍቶ ተዘጋ።
ሐሙስ ሐሙስ ሽማግሌዎች በምርኩዝ ይመጣሉ፣
ማጭዳቸውን በመስታወት ያዩና «የኔ ነው፣ አለ» ብለው፣
ሻይ ጠጥተው ይመለሳሉ፣ ምንም ሳይወስዱ፣ ደስ ብሏቸው።

«እርስዎስ?» አለች ትርሲት በእሷ ፈንታ፣ «እዚህ አካባቢ ምን አለ የሚታይ?»
መልስ አጣሁ። ዝናቡ አባርቷል። «እንሂድ» አልኳቸው፣ «እንይ።»

ወደ ዶሮ ማነቂያ ወሰድኳቸው።
ሣር አለ፣ አዲስ። ቀይ የብስክሌት መንገድ። የሚያበሩ ምሰሶዎች፣
በመስመር የተተከሉ፣ ስማቸውን የማላውቃቸው አበቦች።
ያምራል። አልዋሽም፣ ያምራል። ግን አስጎብኚ ነኝና ዛሬ፣
የሌለውን ማሳየት ጀመርኩ፣ በጣቴ አየር ላይ አስምሬ፦
«እዚህ የአወል ስፌት መኪና፤ ከኋላዋ ቁርስ ቤት፣
ያቺ ደግሞ ሱቄ ናት፣ ሠላሳ ዓመት ሰዓት የጠገንኩባት።
ከዚህ የእንጨት ደረጃ ይነሳል፣ አሥራ ሁለት፣ ወደ ቤታችን የሚያወጣ፤
ሰባተኛዋ የላላች ናት፤ እንግዳ ሁሉ እሷ ላይ ነው የሚቀጣ።»

ትርሲት ተረጎመችላት።
ሃትሱኤ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ሣሩን መውጣት ጀመረች፤
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት...
ሰባተኛዋ ጋ ስትደርስ፣ እግሯን አንስታ ተሻገረች።

የምለው ጠፋኝ። ከኪሴ ቁልፉን አወጣሁት፣
በሩ ከፈረሰ ወዲህ ለምን እንደምይዘው ለሚስቴ እንኳ ያልነገርኩት።
እዚያው መንገድ ዳር ጓንቷን አጥልቃ፣ በሁለት እጇ ተቀበለችው፣
ጥርሱን ቆጥራ፣ አገላብጣ፣ ወደ ብርሃን አድርጋ አየችው።
ከቦርሳዋ ካርድ አውጥታ ጻፈች፤ ትርሲት ከሥሩ በአማርኛ፦
«ቁልፍ። ብረት። ሦስት ጥርስ።
በሩ አልተገኘም።»

ቁልፉን መለሰችልኝ። ካርዱን ግን ይዛው ሄደች፣
«ዕቃው ባይመጣም ቦታ እይዝለታለሁ» እያለች።
እንግዲህ አንድ ሐሙስ፣ ከባሕሩ ጫፍ፣ ከማጭዱ ጎን፣
በባዶ መስታወት ፊት ቆመው እነዚያ ሽማግሌዎች
የማን ቁልፍ እንደሆነ ይከራከሩ ይሆናል።
አንዱ «የኔ ነው» ይል ይሆናል። ይበል።

የኮዬ ፈጬ አውቶቡስ ሞልቷል።
ረዳቱን ስለ ጥላዬ ጠየቅሁት።
«የምን ጥላ?» አለኝ።
ቆሜ ሄድኩ።