ግልባጭ

ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ሱ ፎልስ ከተማ፣ በረዶው ሲያብረቀርቅ እንደ ጥጥ፣
ከሌሊት ፈረቃ ወጥቼ፣ ጫማዬን ሳልፈታ፣ ዓይኔ በወጉ ሳይገለጥ፣
ትርሲት ጎተተችኝ፦ «እማ፣ ቤተ መጻሕፍት! ምድር ቤት!
ልጅ ከነወላጁ የሚሠራበት ቀን ነው፤ ዛሬ የማተሚያው ዕለት!»
«ወንበር አለ?» አልኳት። «አለ።»
እውነቱን ልናገር፣ ለወንበሩ ነው የሄድኩት፤
ትንሽ ሸለብ ላደርግበት።

ምድር ቤቱ ቀለም ቀለም፣ ላምባ ላምባ ይሸታል፤
አንዱ ልጅ በመርፌና ክር የራሱን ደብተር ይሰፋል፣
አንዷ የአያቷን ስም በእርጥብ ሸክላ ላይ በስንጥር ትጽፋለች፣
አንዱ ደግሞ ያለቅሳል፤ ሸክላው ተሰንጥቆበት፣
አባቱ ጎንበስ ብሎ በምራቁ ሲያርስለት።

ማርሊስ ትባላለች አስተማሪያችን፤ ሰማንያ አንድ ነው ዕድሜዋ፤
አርባ ዓመት በወረዳ ጋዜጣ ፊደል ለቃሚ ነበረች፤ አንድ ጣት ጎድሏል ከግራዋ።
«ማሽኑ በላው» አለች እየሳቀች።
ከዚያ እጄን አየች፤
ሌሊቱን ሙሉ ሥጋ ሲበልት አድሮ አልዘረጋም ያለ እጄን
አየችና ዝም አለች።

አንድ ሣጥን አመጣች፤ ስትከፍተው እንቅልፌ በረረ፦
ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፤ ከእንጨት ተቀርጾ፣ ፊቱ ወደ ኋላ የዞረ።
ጋሽ ደርበው ናቸው የፈለፈሉት፣ አናጺው፤
«ጡረታ የወጣ እጅ ክፉ ያስባል» ብለው።
ገና አልጨረሱም። እሳቱ ሰ አለ፤ ንጉሡ ሠ የለም።
ቢጠየቁ፣ «እዚህ አገር ንጉሥ የለም።»

«ምን ቃል ልደርድር?» አለች ትርሲት።
«አጭር።»
«እንግዲያው የት ነሽ ብዬ ስደውል የምትዪኝን።»
ንጉሡ በሌለበት በእሳቱ ጀመረች፤ ስን አስቀድማ፣ ራን አስከትላ፣ ከግራ ወደ ቀኝ፤
ማርሊስ አየቻት፤ አላረመቻትም፤ ብቻ በዓይኗ ጠቀሰችኝ።
ቀለም ቀባን፤ ወረቀት አለበስነው፤
እጀታው ከበደን፤ ለሁለት ተጫንነው።
ወረቀቱ ሲላቀቅ፣ ከቁስል ላይ እንደሚነሣ ፕላስተር፣ ቀስ ብሎ፣

ራስ።

«ተበላሸ! ራስ ምንድን ነው?»
«ይኸ» ብዬ ግንባሯን ነካሁ፤ ጥቁር አሻራ ቀረበት።
«ደግሞም አንቺ ማለት ነው፤ ራስሽ፤ ራሴ፤
ሰው ካለው ሁሉ ሲቀነስበት የሚተርፈው።»
አሰበች። ወረቀቱን ወደ መብራቱ አነሣችው።
«ታዲያ ሥራ ሲገለበጥ፣ አንቺ ትወጫለሽ?»

ምን ብዬ ልመልስ? የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት።
ሣጥኑን አቀረብኩላት።

ከዚያ ወዲያ ማን ያስቁመን! መጣን ደረደርን፤ ጣመ ሆኖ ወጣ።
ቀናን ብናትም ናቀ አለን፤ ትርሲትን ያዛት ቁጣ፤
«ይሄን ቃል አልወደድኩትም» ብላ ቀዳ ጣለችው።
ዳር ላይ ስንደርስ እጀታው ተነቃነቀና እምቢ አለ።
ከሸክላው ልጅ አባት አንድ እጅ መጣ፤ አወቅሁት፤
የጭነት ክፍል ሰው ነው፤ እኔ ፋብሪካ፤ ከኔፓል፤ ቢርካ የሚሉት፤
ሦስት ዓመት በአንድ በር ወጥተን ገብተን ሰላም ተባብለን አናውቅም።
ገፋ፤ ገፋን። ወረቀቱ ላይ ወጣ፦ ርዳ።
ሲፈታለት ሳቀ፤ «ታዝዤ ነው እንጂ በፈቃዴ አይደለም» አለ።

ወንበሩን አልተቀመጥኩበትም።

ዋናው ማቀዝቀዣው በር ላይ ነው፤
ግልባጩን ፋብሪካ፣ ልብስ መቀየሪያ ሣጥኔ ውስጥ ለጠፍኩት።
ሰኞ ማታ ጓንት ሳጠልቅ፣ ጥፍሬ ሥር ቀለም ቀርቶ፣
አለቃዬ «ምንድን ነው?» አለኝ፣ በእርሳሱ ጠቁሞ።
«ራስ» አልኩት።
አልገባውም፤
ጻፈው እንጂ፣ እንደሰማው፣ በመዝገቡ ላይ፤
እኔም ጓንቴን አጠለቅሁ።