የሷ እንፋሎት

በጥቅምት ማለዳ፣ ደብረ ብርሃን ላይ፣
ሰው ሁሉ ሲናገር ትንፋሹ ሲታይ፣
የኔ አፍ ባዶ ነው። በሻርፕ እሸፍናለሁ፤
የት ተወለድክ ሲሉኝ፣ ወደ ላይ ሳላይ «ጣርማ በር» እላለሁ።

ምንታምር ታውቃለች። ሻርፔ የወለቀ ለት
አንስታ ሰጠችኝ፣ ሳትጠይቅ ምክንያት።

አምና የወደቀውን ብርሃን ፍለጋ
ነጭ የመንግሥት መኪና ትምህርት ቤት ደጅ ተጠጋ።
ባለካፖርቱ ወርዶ፦ «አፍ ግለጡ! ተንፍሱ!»
ሦስት ቀሩ፤ ሁለት፤ ተራዬ መድረሱ።

ድንገት ዞረች እሷ፤ ፊቴ ድረስ መጥታ፣
«አይበርድህም?» አለች፣ ትንፋሿን ዘርግታ።
ጉሙ ለሁለት በቃ። ሰውየው አፈረ፤
«እለፉ፣ ባለጌዎች!» ብሎ ፊቱን አዞረ።

ማታ እናቴ ሻርፔን በጣቷ ዳሰሰች፤
ርጥብ ነው።
ዝም ብላ ካልጋ ስር ሻንጣ ሳበች።