የስልክ ሚስት

ቫልፓራይሶ ላይ፣ ባሕር ከሚያይ ዳገት፣
ሱቄ ካለችበት፣ ከደረጃው አንገት፣
ኤልዩቴሪዮን የማያውቅ ሰው የለም፤
አርባ ዓመት ሙሉ፣ አንድ ቀን ሳይታመም፣
ሰው ሲያወጣ ኖሯል፣ ሰው ሲያወርድ ኖሯል፤
የማሽኑ እጀታ መዳፉን ሞርዷል።

ሁለት ሳጥን ናቸው፣ በሐዲድ የሚሄዱ፤
የአንደኛው መውጣት ነው የሌላው መውረዱ።
ገመዳቸው አንድ ነው።
መሐል ሲደርሱ፣ ለአንድ አፍታ፣ ጎን ለጎን ይተያያሉ፤
ከዚያ ይለያያሉ።

ሐምሌ ላይ ደረጃው በዝናቡ ርሶ፣
ወደቀ፤ ተነሣ ፊቱ ደም ለብሶ።
ሆስፒታል ከረመ፤ ሰነበተ፤ ዳነ፤
ስፌቱ ጠገገ፣ ጸጉሩም ሸፈነ።

ቤቱ በገባ ማታ፣ ኦርቴንሲያ ሚስቱ
ሾርባ ይዛ መጣች፤ ቆመች ከፊት ለፊቱ።
ትክ ብሎ አያትና፦
«ይመስላሉ» አላት።
«ዐይንዎ የእሷ ዐይን ነው፤ ከከንፈርዎ በላይ ያለችው ጠባሳ፣
ሹራቡም የእሷ ነው፤ ምንም አልጎደለም።
ግን፣ እመቤት፣ እርስዎ እሷን አይደሉም።
ባለቤቴን የት አደረጓት?»

ሃምሳ ዓመት ሙሉ «አንቺ» ሲላት ኖሮ፣
«እርስዎ» አላት ያን ዕለት፣ እንደ እንግዳ አክብሮ።
ቢሰድባት ይሻላት ነበር።
ሳሎን ተኛች። እሱ መኝታ ቤቱን ከውስጥ ቆለፈ፤
ጠዋት ሰሐኑን አጥቦ፣ «እግዜር ይስጥልኝ» አላት፣
«ሾርባው ግሩም ነበር፤ ስትመጣ እነግራታለሁ።»

ዶክተር ኢኖስትሮሳ፣ ልጅ እግር ሐኪም ናት፤
ዳቦ ልትገዛ ስትመጣ ጠየቅኳት።
ዱቄት በፈሰሰበት ባንኮኒ በጣቷ ሥላ አሳየችኝ፦
እዚህ፣ ከኋላ፣ ዐይን ያመጣው ይራገፋል፤
እዚህ፣ ከጆሮ በታች፣ ፊት ከፊት ይለያል፤
እዚህ፣ በግራ፣ ቃል ይለቀማል፤
እዚህ ደግሞ፣ ጥልቁ ውስጥ፣ የለውዝ ፍሬ የምታህል አለች፤
የምንወደው ሰው ሲመጣ ለሆድ ሙቀት የምትልክ
እሷ ነች።

«ፊቷን ያነባል፤ መንገዱ ግን፣ ከዚህ እዚህ ያለው፣ ተበጥሷል።
ዐይን ‹ናት› ይላል፤ ሙቀቱ ቀርቷል።
አንጎል ደግሞ ባዶ ሲያይ ዝም አይልም፤ ወሬ ይፈጥራል፤
‹አስመሳይ ናት› ይላል።
እንዴት እንደሚፈጥር፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ እኛም በቅጡ አናውቅ።»

«አንዱ ሳጥን ወጣ፣ ሌላው አልወረደ» አልኩ።
ሳቀች። ሳቋ ግን አልቆየም።
«ጆሮውስ?» አልኳት።
«ጆሮ ሌላ ዳገት ነው» አለች፤ «ገመዱም ሌላ ነው፤
ምናልባት...»
ዱቄቱን በመዳፏ ጠረገችው።

ከምሽቱ አንድ ሰዓት፣ ኦርቴንሲያ ከሱቄ ስልክ ደወለች።
ከላይ፣ በመስኮቱ፣ ጥላው ሲነሣ ይታየናል።
«ኤልዩ» አለች።
«አንቺ!»
የእንቁላሉ ትሪ ከእጄ ሊወድቅ ነበር፤ ድምፁ እስከ እኔ ደረሰ።
«አንቺ! የት ጠፋሽ? አንዲት ሴትዮ መጥታ እዚህ ተቀምጣለች፤
ደግ ናት፤ ሾርባ ታውቅበታለች፤
አንቺን ትመስላለች። ቶሎ ነይ።»
«መጣሁ» አለችው።
መቶ አሥራ ሁለት ደረጃ ወጣች።
በሩን ከፍቶ፣ «እመቤት!» አላት፣ ፊቱ በርቶ፤
«ደወለች እኮ! እየመጣች ነው።»

እንዲህ ከረመች፤ በየማታው ሳንቲሟን ባንኮኒው ላይ አስቀምጣ፣
ባሏን በስልክ አግኝታ፣ በበሩ ላይ አጥታ።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ማዕበል መጣ፤
የዳገቱ መብራት ሁሉ ጠፋ፤ ወደቡም ጨለመ።
ልጄን አራት ሻማ አስይዤ ላክሁት።
በሩን ገርበብ አድርጋ፣ «ዝም በል» አለችው በጣቷ፤
ከውስጥ፣ ከጨለማው፣ የሽማግሌው ድምፅ ይሰማል፦
«ከማን ጋር ነሽ፣ አንቺ? ግቢ እንጂ፣ ብርድ ይገባል።»

ሻማዎቹ ተመልሰው መጡ፤
አራቱም፤
ክራቸው ነጭ እንደሆነ።