የሚጠጣ ግድግዳ

የግድግዳ ወረቀት ሻጭ ነኝ፣ ካናዛዋ ከተማ፤
ጥቅልል ፕላስቲክ እቆርጣለሁ፣ መቀሴ ቀን ሙሉ ሲሰማ።
የእንጨት መልክ ያለው አለኝ፣ እንጨት ያላየ በዓይኑ፤
ድንጋይ መሳይም አለኝ፣ ዳስሰውት ብዙዎች ያመኑ።
«ይታጠባል» እላለሁ፤ «ውሃ አያልፈውም ከቶ»፤
ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፤ «ትንፋሽስ የት ይሂድ ወጥቶ?»

በሰኔ ዝናቡ ሲገባ፣ ሰማዩ እንደ ብርድ ልብስ ሲወርድ፣
የልጄ የሪኩ ደረት ያፏጫል፣ በር ሥር እንደሚያልፍ ብርድ።
ስድስት ዓመቱ ነው።
ስሙ «የብስ» ማለት ነው፤ እናቱ ናት ያወጣችው፤
ሌሊቱን ግን በእቅፏ፣ እንደ ሰመጠ ሰው ነው የያዘችው።
ሐኪሙ ስለ ጭስ ጠየቀን፤ የለም። ስለ ድመት፤ የለም።
«ቤታችሁስ?» አለ በመጨረሻ።
ቀና ብዬ አላየሁትም።

በሦስተኛው ቀን ከሱዙ የሚስቴ አባት ኪሱኬ መጣ፤
ሦስት ከረጢት አፈር ይዞ፣ ከአውቶቡስ ሆድ እያወጣ።
ሰላምታም አልሰጠኝ። ጫማውን አውልቆ፣ አልጋውን ገፍቶ፣
የወረቀቴን ጠርዝ በጥፍሩ፣ ከማዕዘኑ አንስቶ፣
ገሸለጠው።

ከኋላው ጥቁር ነበር። የራሴ እጅ የለጠፈው፣
የራሴ ሙጫ ያጣበቀው፣ ሻጋታ የወረሰው፣
እንደ ካርታ የተዘረጋ፣ ደሴት ደሴት የሠራ፤
የልጄ አፍንጫ ሲተኛ፣ ከዚያ ስንዝር በማይርቅ ስፍራ።
«ቤቱን በላስቲክ ጠቅልለህ፣ ለምን ያልበዋል ትላለህ?»
አለኝ። ይህን ብቻ አለኝ።

አፈሩ ከእጅ አይከብድም፣ የደረቀ ገለባ ይመስላል፤
ውሃ ጠብ ሲልበት ግን፣ እንደ ጾመኛ ይስባል።
ጥንት በባሕር ውስጥ የኖሩ፣ ከአሸዋ ቅንጣት ያነሱ፣
የመስተዋት ቤት የነበራቸው፣ ሞተው ወደ ታች የፈሰሱ፣
ቤታቸው ግን ያልፈረሰ፤ አንዱ በአንዱ ላይ ተከምሮ
ኮረብታ ሆነ፤ ባሕሩ በየብስ ሆድ ተሰውሮ።
«ሚሊዮን ባዶ ቤት» ይለዋል ኪሱኬ፣ «በር ያልተዘጋበት፤
ወበቅ ሲመጣ ማደሪያ አለው፣ ሲደርቅ ይወጣል በመጣበት።»

የሩዝ ጭድ ከተፍን። የባሕር ሣር ቀቀልን፤
እንደ ተልባ ሲያሟልጭ አጥልለን፣ ኖራ ጨምረን አቦካን።
ሽታው የዓሣ ገበያ ነው። ጎረቤት መስኮቱን ዘጋ፤
እኔ ጥቅልል ሻጩ፣ እስከ ክርኔ በጭቃ፣ ቆሜ ነጋ።

ሁለተኛውን ከረጢት ሲፈታ አቧራው ቦነነ፤ ኪሱኬ ሳለ።
ረጅም ሳል፤ ግራ እጁ መለሰኛው ላይ ሳለ።
አርባ ዓመት ይህን አፈር፣ አፉን ሳይሸፍን ነፍቶታል፤
ያ ባዶ ቤት ሁሉ ዛሬ፣ ደረቱ ውስጥ ተሠርቷል።
«ግድግዳ ላይ ሲሆን ይተነፍሳል» አለ፤
«እኔ ውስጥ ገብቶ ግን ተቀምጧል።»
ከዚያ ጨርቅ አወጣና አፌ ላይ አሰረልኝ፣
አጥብቆ፣ እንደ ሕፃን። የራሱን ረሳው። ወይም ተወው።
አልጠየቅሁም።

ከአልጋው በላይ አንዲት ጥግ፣ ገና ሳትደርቅ ቀርታ፣
ልጁን ብድግ አድርጎ፣ በክንዱ ላይ አንሥቶ ለአንድ አፍታ፣
«ሳል» አለው።
ሳል ሲባል የሚያውቀው አንድ ነገር ነው ልጄ፤
ግራ ገብቶት ወደ እኔ አየ፣ በዓይኑ ጠየቀኝ፤ በእጄ
አመለከትኩት። በጣቱ ዓሣ ሳለ።
ዓሣው ዛሬም እዚያ አለ፤
ዓይን የለውም።

ሰኔ ተመልሶ መጣ። መስተዋቱ አላላበም፤
አንሶላው ጠዋት ደረቅ ነው፣ ክፍሉ ምንም አይሸትም።
ሪኩ አንዳንድ ሌሊት ያፏጫል፣ ተወው አልልም፣ ቀነሰ፤
ኪሱኬ ግን ሱዙ ነው፣ ደረጃ መውጣት ካቆመ ወር ደረሰ።

እኔ አሁንም ወረቀት እሸጣለሁ። የቤት ኪራይ አለብኝ።
«ይታጠባል?» ይሉኛል።
«ይታጠባል» እላለሁ።
ከዚያ መቀሴን አስቀምጬ፣ ለመቁረጥ የያዝኩትን ትቼ፣
«ልጅ አላችሁ?» እላለሁ።