ሦስተኛው ምስክር

ታኅሣሥ ነው። ከስኮክዊም ወንዝ በረዶ ለብሶ ተኝቷል፤
የማስተርስ ማመልከቻው ነገ እኩለ ሌሊት ይዘጋል።
"የዓሣና የዱር እንስሳት ሳይንስን ለምን መረጥሽ?" ይላል ቅጹ።
ጻፍሁ። አጠፋሁ።
"ከልጅነቴ ጀምሮ" ብዬ ጀምሬ አፈርሁ፤
ሁሉም የሚለው እንዲህ ነው።

ያለኝ ይህ ነው፤
አራት በጋ ከወንዙ አጥር ላይ ቆሜ
ሳልሞን ባለፈ ቁጥር በእጄ መቁጠሪያ ጠቅ፣
ትንኝ ዓይኔ ውስጥ ሲገባ ጠቅ፣
እንቅልፍ ሲያዳፋኝ ጠቅ።
የመጀመሪያው ዓመት አውራ ጣቴ አብጦ ነበር፤
ዘንድሮ መቁጠሪያው ዛገ።

ቁጥሬ ወደ ከተማ ወረደ፤
ከከተማ ትእዛዝ ወጣ፦ ማጥመድ ክልክል ነው።
የአጎቴን የዋሲሊን መረብ የዘጋው
ይኸው አውራ ጣቴ ነው።

ቅጹ ሦስት ምስክር ይጠይቃል።
ሁለቱ ፕሮፌሰሮች ናቸው፤ የሦስተኛው ቦታ ባዶ።
አጎቴ ምድጃው ጥግ
ያልተቀደደ መረብ ይጠግናል።
"ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀኝ? ይላል" አልሁት።
"ከንጉሥ ሳልሞን በቁመት ካነስሽበት በጋ ጀምሮ። እንዲያው ጻፊው፣ ናስታሲያ።"
"ሥራህስ?"
ሳቀ።
"ሥራ ፈት በይ። ያደረግሽኝ አንቺ።"

ዝም አልን።
ክሩን በጥርሱ በጠሰና፦
"ጨምሪበት፤ ዓሣ ሳታይ ጠቅ አታደርግም።
ለእኔ ብላ እንኳ አንድ አልጨመረችም።"

ኢሜይል በሚለው ላይ የመንደሩን ፖስታ ሣጥን ሞላሁ፤
ቅጹ በቀይ ቀለም እምቢ አለኝ።
ደግሜ ሞላሁ።
ጠቅ።