ከቀበቶው ጀርባ

ኪርያት ጋት ዳር ላይ፣ ከፋብሪካው ኋላ፣
መጠለያው ጓዳ፣ በሸራ በጣውላ፣
መድረክ አቆምንና «ማኅበር» አልነው፤
ዋንጫው ቢወደድብን፣ ቀበቶ ሰፋነው።
ቆዳው ከአሮጌ ሶፋ፣ ነሐሱ ከቁልፍ ሠሪ፤
ዳኛውም እኔ ነኝ፣ ወንበርም ደርዳሪ።

ኒሲም ነው ቀዳሚው፣ የቧንቧ ሠራተኛ፣
«የነገቭ ጊንጥ» ብለን አሥር ወር ያነገሥነው እኛ።
ከዚያ ዙራብ መጣ፣ አንገተ ደንዳና፤
ለተጠባባቂ ጦር አንድ ዓርብ ተጠራና፣
ቀበቶው ሚስማር ላይ ባዶውን ከረመ።
ሦስተኛ፣ የእኛው ልጅ፣ አለበል ተሰየመ።
«ጥቁር ነብር ልበልህ?» ብለው፣ አሻፈረኝ፤
«ደብዳቤ አዳይ ነኝ። ፖስተኛው በለኝ።»

ትግላችን፣ አልደብቅም፣ ቀድሞ የተነጋገርነው፤
ማን እንደሚወድቅ ሐሙስ ማታ፣ ዳቦ ቤቱ ደጅ፣
የሱፍ ፍሬ እየፈለቀቅን የምንወስነው።

ፖስተኛው ይውደቅ የተባለ ’ለት፣
አባቱ መጡና ተቀመጡ ከፊት፤
የሐሙሱን ነገር ማን ይንገራቸው?
«በርታ ልጄ!» ይላሉ፤ ወለሉን ይመታል ዱላቸው።

አንድ አልኩ።
ሁለት አልኩ።
ከሁለት እስከ ሦስት እጄን አዘገየሁ፤
ትከሻውን ቢያነሣ… ዓይን ዓይኑን አየሁ።
እሱ ግን ቃል ነበረው። ዝም ብሎ ተኛ።
ሦስት።
እንዲህ ይከብዳል እንዴ፣ እጅ የዳኛ?

ማኅበሩ ፈረሰ፤ ኪራይ ነው የበላው።
ቀበቶው እኔ ጋ፣ ካልሲ መሳቢያ ውስጥ ነው ያለው።
ባለፈው ሽማግሌው መጥተው ዳሰሱት፣
ከጀርባው በምስማር የጫርነውን ስም በጣት ቆጠሩት።
«የልጄ የቱ ነው?»
ሦስተኛውን አሳየሁ።
«የወደቀበትስ?»
«እሱ አይጻፍም፣ አባባ። ከሥሩ ያለው ስም ነው።»

ወደ ሥሩ አልወረዱም።
ጣታቸው እዚያው ነው።